የሼሁ ፊደል

የ«ለ» ቀኝ እግር ላይ ያለችውን ጫማ ያየኋት እሑድ ዕለት ነው። ተስፋዬ የሄደው ቅዳሜ ነው።

ማስታወቂያውን ዓርብ አንብቤው ነበር። ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ በሰው ትከሻ ላይ አንገቴን አስግጌ ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ። «የመንግሥት ደመወዝተኛ የነበረና የጦር መሣሪያ ያለው ሁሉ እስከ ቅዳሜ ቀትር ቀርቦ ይመዝገብ። ለሚመዘገብ ሰው ምንም አይደርስበትም» ይላል። እኔ እንዲህ ያለ ወረቀት ሳይ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ከዚህ ውስጥ የኔን ቤት የሚነካው የቱ ነው እላለሁ። ደመወዝተኛ ቤቴ የለም፣ መሣሪያም የለም። አልሐምዱሊላህ ብዬ ዱቄቴን ተሸክሜ ገባሁ። የጽሑፉን መልክ አላየሁትም።

እሑድ ወፍጮው ነዳጅ አልቆበት በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ይመጣል ያሉኝን ባለ ወፍጮ ቆሜ ስጠብቅ ዓይኔ ዝም ብሎ ወረቀቱ ላይ ዋለ። «ለሚመዘገብ» የሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደል ሁለት እግሮቹ እኩል አልቆሙም። የግራው ቀጥ ብሎ ወርዷል፤ የቀኙ ጫፉ ላይ ወደ ውጭ ሸርተት ብሎ ትንሽ ጫማ አጥልቋል። ከ«ለ» ወደ «ገ»፣ ከ«ገ» ወደ «ብ» ሄድኩ፤ ሁሉም አጥልቀዋል። ያችን ጫማ የሚሠሩ ሁለት እጆች ብቻ ነበሩ። አንደኛው አፈር ከገባ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሁለተኛው የልጄ የናጅዋ ነው።

አማቴ ሼህ አብዱልሐሊም ከግራና ከተማ በላይ ባለች መንደር ኪታብ፣ የዲን መጽሐፍ፣ በእጃቸው ሲገለብጡ የኖሩ ሰው ነበሩ። የመጻፊያ መቃቸውን ራሳቸው ይቀርጻሉ፤ ጫፉን ለዐረብኛ እንዲመች አጋድለው ነው የሚቆርጡት። ሲያረጁ ኪታብ የሚያስገለብጥ ሰው ጠፋ፤ በምትኩ ሰው አማርኛ ያጽፋቸው ጀመር፤ ማመልከቻ፣ የድንበር ውል፣ የዕርቅ ወረቀት። ለአማርኛ ብለው ሌላ መቃ አልቀረጹም። በዚያው በተጋደለው ሲጽፉ መወፈር ያለበት መስመር ቀጠነ፣ መቅጠን ያለበት ወፈረ፣ የፊደሉ እግር ሁሉ መሬት ሲነካ ወደ ቀኝ ሸርተት አለ። አስቀያሚ መሆን ነበረበት፤ ግን ሰው እጁ ላይ አድርጎ ያየው ነበር።

ልጄ ወልድያ ኮምፒውተር ተምራ ስትመለስ፣ መርሳ አስፋልቱ ዳር ያለውን የቤታችንን የፊት ክፍል ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አደረግነው። ባለቤቴ ኢዘዲን ከሞተ በኋላ የምንኖረው በዚያ ነበር። ያኔ ሼሁ እኛ ዘንድ ነበሩ። ናጅዋ ከሥራ በኋላ አጠገባቸው ትቀመጥና አንድ ፊደል በአንድ ወረቀት ላይ አተልቀው እንዲጽፉላት ትለምናቸዋለች። እሳቸው እያንዳንዱን ወረቀት ከራሱ ላይ ቢስሚላህ ብለው በዐረብኛ ሳይጽፉ አማርኛውን አይጀምሩም። እሷ ወረቀቱን በስልኳ ታነሳለች፣ ኮምፒውተሩ ላይ ትከፍታለች፣ ከዚያ የፊደሉን ዙሪያ ነጥብ በነጥብ እየተከተለች ትቀርጸዋለች። አንዱ ፊደል ሳምንት ይወስድባታል።

«አባባ፣ የዚህን የ‹ጨ›ን ወገብ ለምን አጎነበሱት?» ትላለች።

«እኔ አላጎነበስኩትም። አብሮኝ አርጅቶ ነው።»

እግሩ ላይ ያለችውን ሸርተት ጫማ ብላ የጠራቻት ናጅዋ ናት። ጫማዋ ፊደሉን ከቀጣዩ ፊደል ጋር እንደምታያይዘው፣ ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይደናቀፍ እንዲሄድ እንደምትረዳ ታስረዳኝ ነበር። እኔ ለመስማት ያህል እሰማታለሁ። አንድ ቀን ሼሁ የራሳቸውን እጅ ከማተሚያው ሲወጣ አይተው፣ «እንግዲያው እኔ ስቀበር እጄ ሳይቀበር ሊቀር ነው» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ክፉ ንግርት መስሎኝ ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ።

እንዲህ በተሠራው የኮምፒውተር ፊደል መጀመሪያ የታተመው የጎረቤታችን የውባለም ልጅ የቤተልሔም የሠርግ ጥሪ ካርድ ነው። የክርስቲያን ሠርግ በሼህ እጅ ተጠራ ተብሎ ሰፈሩ ሲስቅ ከረመ። ከዚያ ሁሉም ያንን ካልሆነ አልፈልግም አለ። የሰደቃ ጥሪ፣ የዕድር ዝርዝር፣ የሙት ዓመት ካርድ፣ የተማሪ ምስክር ወረቀት፣ የሱቅ ታፔላ። ሰው ወረቀቱን ሲቀበል ገና ሳያነበው ፊቱ ይፈታል፤ ወይ ሠርግ ነው፣ ወይ ሰደቃ ነው፣ ወይ ሽማግሌ ሊያስታርቅ ጠርቶት ነው። ናጅዋ ኮምፒውተሩ ሲከፈት ይኸው ፊደል ራሱ እንዲመጣ አድርጋ አስተካከለችው። ስሙን «ግራና» ብላው ነበር፤ በዚያ ስም የጠራው ሰው ግን የለም። የሼሁ ፊደል ነበር የሚባለው።

ያን እሑድ ከወፍጮ ቤት ቤቴ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ናጅዋ ሽሮ እያማሰለች ነበር።

«ወፍጮ ቤት የተለጠፈው ወረቀት» አልኳት።

«የኛ ነው» አለች፤ ከድስቱ ቀና ሳትል።

ረቡዕ ዕለት ነው ታጣቂዎቹ የመጡት። እኔ እህቴ መሪማ ዘንድ ማሽላ ላመጣ ግራና ሄጄ ነበር፤ ልጄን ብቻዋን ትቻት። ከተማውን ከያዙ ሁለት ወር አልፏቸዋል፤ መብራት የለም፣ ስልክ የለም። ጄኔሬተር ጭነው መጥተው አስነሱላት። አንዱ የሚጻፈውን በእጁ ጽፎ ይዟል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትተኚ ነበር?»

«አሁንስ የምተኛ ይመስልሻል? በሌላ ፊደል ማድረግ አቃተሽ? ማሽኑ ውስጥ ስንት ፊደል አለ።»

«እማ፣ ማሽኑ ሲከፈት የሚመጣው እሱ ነው። ሰውየው ከኋላዬ ቆሞ አንገቴ ላይ ይተነፍሳል። ፊደል አማርጪ ያለኝ የለም።» ማማሰያውን አስቀመጠች። «ሲያልቅ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹ቆንጆ ጽሑፍ ነው› አለኝ። አርባ ቅጂ አወጣሁለት።»

«ማን ነው እሱ?»

«ስሙን ሰምቻለሁ። አብረውት ያሉት ሲጠሩት ሰምቻለሁ። የተመዘገቡት የት እንደሚሄዱም ሲነጋገሩ ነበር።»

«አልሰማሽም» አልኳት። «ምንም አልሰማሽም። ገባሽ?»

ከቤታችን ጋር አጥር የምትጋራው ውባለም ናት። ባሏ ተስፋዬ የመጋዘን ጥበቃ ነበር፤ ያቺ አንዲት ጠብመንጃው ፈቃድ ያላት ናት። ቅዳሜ ጠዋት ጠብመንጃውን በጋቢ ጠቅልሎ ሄደ። አብረውት የሄዱ ስድስት ሰዎች ነበሩ። ከሰዓት በኋላ በመኪና ወደ ወልድያ አቅጣጫ ሲወሰዱ መንገድ ላይ ያየ አለ። ከዚያ በኋላ ያየ የለም።

ውባለም በሳምንቱ መጣች፤ አልተቀመጠችም። አውራ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ እየጠቀለለች እየፈታች በሩ ላይ ቆመች።

«አትሂድ ብዬው ነበር» አለችኝ። «ቆላ እህትህ ዘንድ ውረድ፣ ጠብመንጃውን ቅበረው አልኩት። ሊሄድልኝ ነበር እኮ፣ ሁሪያ። ስንቅ ቋጥሬለት ነበር። ከዚያ ወፍጮ ቤት ሄዶ ወረቀቱን አይቶ ተመለሰ። ‹የሼሁ ፊደል ነው› አለኝ። ‹የሼሁ ፊደል ለክፉ ጠርቶን አያውቅም› አለኝ።»

አውራ ጣቷን ከነጠላው ፈታችው።

«አንቺም አይተሽዋል አይደል፣ ወረቀቱን?»

«አላየሁትም» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ፤ ነገር ፈልጋ አይደለም፤ ደክሟት ነው። ከዚያ ሄደች። በበነጋው ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው ወረቀት ተገንጥሎ አራቱ ጫፎቹ ብቻ ቀርተው አየሁ። ማን እንደወሰደው ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ታኅሣሥ ላይ ለቀው ሄዱ። ሲሄዱ ማሽኑን፣ ማተሚያውን፣ የፎቶ ኮፒውን ዱቄት ሳይቀር ጫኑት። ሰው ሁሉ ንብረቱ ሲጫን ያለቅሳል፤ እኔ ኮምፒውተሩ መኪና ላይ ሲወጣ በልቤ ዱዓ አደረግሁ። ሂድልኝ አልኩት። ከተማው ተለቀቀ፤ ሰው ከደሴና ከኮምቦልቻ ይመለስ ጀመር። ከተመለሱት አንዱ የቀድሞ የናጅዋ አስተማሪ ተፈራ ነው፤ የጠፋ ሰው የሚመዘግበውና ከያዙን ጋር ማን እንደሠራ የሚያጣራው ኮሚቴ ውስጥ ገባ።

ሻይ ቤት ያላት ብዙነሽ ወሬው ሁሉ መጀመሪያ እሷ ዘንድ ይደርሳል። ሐራ ላይ ለታጣቂዎቹ ወጥ የሠራች ልጅ ለጥያቄ ወልድያ ተወስዳ እስካሁን አልተመለሰችም አለችኝ። «ወጥ ነው እንግዲህ» አለች። «ባትሠራላቸው እሷን ይወጠውጧት ነበር።» ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ብርጭቆዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ወጥ ከተበላ በኋላ ምልክት የለውም። የልጄ ሥራ ግን በየቤቱ አለ።

በማግስቱ ሰው ሁሉ የእርዳታ ስንዴ ሊወስድ ተሰልፎ፣ ናጅዋም እዚያው እያለች፣ የሼሁን ወረቀቶች ከሳጥን አወጣሁ። መቶ ምናምን ነበሩ። ናጅዋ ራሷ የሣለቻቸው ደግሞ ሌላ። ምድጃውን አቀጣጥዬ የመጀመሪያውን ላስገባ ስል ራሱ ላይ ያለውን ቢስሚላህ አየሁ። እሱን ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር ማቃጠል አልቻልኩም። መቀስ አመጣሁና የእያንዳንዱን ወረቀት ራስ እየቆረጥኩ ለብቻ አኖርኩት። ራሶቹን ከፓፓያው ሥር ቆፍሬ ቀበርኳቸው። አካላቸውን አቃጠልኩት። የቀለሙ ሽታ የሳቸው የጋቢያቸው ሽታ ነበር። ናጅዋ ቤት ትታው በሄደችው ስልክ ውስጥ ያለውን፣ ፎቶዎቹ ያሉበትን ትንሹን ካርድም አውጥቼ በሙቀጫ ወቀጥኩት።

ማቃጠሉ አልበቃኝም፤ በቀጣዮቹ ቀናት የቀረውን ፍለጋ ወጣሁ። የብዙነሽ ታፔላ ላይ ያለው የኛ ፊደል ስለሆነ ኖራ በጥብጬ ሄድኩ።

«ታፔላሽ ቆሽሿል፤ ልለቅልቅልሽ» አልኳት።

«አንቺ ሴት ደህና ነሽ? ቤቴ በጥይት እንደ ወንፊት ተበሳስቷል፤ የቆሸሸው ታፔላዬ ነው የታየሽ?»

«ነጭ ሲሆን ያምራል።»

«ነጭ ሲሆንማ ሰው የሬሳ ቤት ይለዋል። ተይ ተመለሺ» አለችኝ። ግን ኖራው በነጻ መሆኑን ስታውቅ ተወችኝ፤ እንዲያውም የግድግዳዋን ጎንም አስቀባችኝ።

የዕድሩን ዝርዝር ከዕድሩ ጸሐፊ ቤት፣ ሌሎች ካርዶችን ከዚህም ከዚያም ሰበሰብኩ። አብዛኛው ሰው ቤቱ ተዘርፎ ወረቀት አልቀረለትም። የቀረው ውባለም ዘንድ ያለው የቤተልሔም የሠርግ ካርድ ነው። አልጋው ራስጌ እንደተሰካ አውቅ ነበር፤ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ።

«ናጅዋ ልታየው ፈልጋ ነው» አልኳት። «የአያቷ ነገር ሁሉ ጠፍቶባት ነው። እመልስልሻለሁ።»

ካርዱን ከግድግዳው ነቅላ በነጠላዋ ጠረገችው። «እሱ ነው የሰካው» አለች። «ወይ ልጄ፣ ሁሉም ነገሯን ዘረፏት አይደል። በይ ውሰጂላት። ዘይት እንዳይነካብኝ ብቻ።»

በዚያው ምድጃ ገባ።

ወረቀቶቹን ያቃጠልኩ ዕለት ናጅዋ ስንዴውን አዝላ ስትመለስ ሳጥኑ ክፍት ነበር። አመዱን አየችው። ስንዴውን ከጀርባዋ አውርዳ ተቀመጠች።

«ፊደሉ ስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«ሁለት መቶ ምናምን።»

«ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ። አሥራ አምስት ነበር የቀረኝ።» አመዱን እያየች፣ «ለመማር አራት ዓመት አይበቃም ነበር፣ እማ። የሳቸውን እጅ አላውቀውም ገና። ወረቀቱ እያለ ነው የማውቀው።»

«አንቺ ካለሽ ሌላ ይጻፋል።»

«አይጻፍም» አለች።

ጥር ሲጋመስ ተፈራ መጣ። ከኋላው ውባለም አለች። በእጇ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት ይዛለች፤ መታጠፊያው በእንባ ይሁን በላብ ሳስቷል። ተፈራ ጫማውን አውልቆ ገባ፣ ሰላምታ ሰጠ፣ ሻይ አልፈልግም አለ። ሻዬን እምቢ ሲል ለደግ እንዳልመጣ ገባኝ።

«እትዬ ሁሪያ፣ እንዳይደነግጡ። ውባለም ባሏን ልታስመዘግብ መጥታ ይህን ወረቀት አመጣች። የተጻፈው እዚህ ነው ትላለች።»

«እዚህ አልተጻፈም» አልኩ። ነገሩን እንኳ አልጨረሰም ነበር።

ውባለም ወደ ናጅዋ ዞረች። «ልጄ፣ እኔ የመጣሁት አንቺን ላስይዝ አይደለም። ጠብመንጃ ይዘው እንዳጻፉሽ አውቃለሁ፤ ጄኔሬተሩን በአጥሬ በኩል ሰምቼዋለሁ። ያጻፈሽን ሰውዬ ብቻ ንገሪያቸው። መልኩን፣ ስሙን፣ የሰማሽውን። ተስፋዬ የት እንደተወሰደ የሚያውቅ እሱ ነው። ሌላ የምከተለው ፍለጋ የለኝም።»

ናጅዋ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ሐራ ያለችው ወጥ ሠሪ ልጅ ታየችኝ፤ አይቻት የማላውቃት ልጅ፣ በናጅዋ ፊት ሆና ታየችኝ።

«ጄኔሬተር የየሰው ቤት ነበር» አልኩ። «ማሽናችንንም የወሰዱት በመጀመሪያው ሳምንት ነው። በምን ትጽፋለች?»

«ሁሪያ» አለች ውባለም ቀስ ብላ።

ተፈራ ወረቀቱን ዘረጋው። «ይህን ፊደል እኔም የማውቀው ይመስለኛል። የእህቴ ሠርግ በዚህ ነበር የተጠራው። ግን ቤቴ ተቃጥሏል፣ የማስተያይበት የለኝም። እዚህ ቤት የቀረ ወረቀት አለ?»

«ምንም የለም። ሳጥኑን ይዩት።»

«እኔ ዘንድ ነበር» አለች ውባለም። «የቤተልሔም ካርድ። ለእሷ ሰጥቻታለሁ፣ ለናጅዋ ብላ ወስዳለች። ሁሪያ፣ አምጪው እንጂ።»

«የምን ካርድ?» አልኩ።

ውባለም አፏ ትንሽ ተከፍቶ ቀረ። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ አጥር ኖረናል፤ ኢዘዲን ሲሞት አርባ ቀን እህል አላስነካችኝም፣ ከቤቷ እየሠራች አምጥታ አጉርሳኛለች። እንዲያ አድርጋ አይታኝ አታውቅም።

«ሐዘን ነው፣ አቶ ተፈራ» አልኩ። «እኔም ባሌ ሲሞት ያልሆነው ሁሉ የሆነ ይመስለኝ ነበር።»

«ይምላሉ?» አለ።

ቁርኣኑን ከመደርደሪያው አወረድኩ። ናጅዋ «እማ» አለች፤ ያን ብቻ። እጄን ጫንኩበት። ወላሂ እዚህ ቤት አልተጻፈም፣ ልጄም አልጻፈችውም፣ ካርድም አልወሰድኩም አልኩ። ሦስቱንም አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። በዚህ ዕድሜዬ ሁሉ ያልሆነ ነገር እየፈራሁ ስንቀጠቀጥ የኖርኩ ሴት፣ ያን ቀን ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

ተፈራ ናጅዋን ለጥያቄ ወደ ወልድያ ይዟት ሄደ። ሁለት ቀን ይፈጃል አለ። አራት ቀን ፈጀ። በእነዚያ አራት ቀናት ልጄን በልቤ አራት ጊዜ ቀበርኳት።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ከወልድያ ሚኒባስ ወረደች። ከስታለች እንጂ ማንም አልነካትም። ማስረጃ አልተገኘም ብለው ነው የለቀቋት። ልብሷን እየቀየረች ሳለ ምን አልሽ አልኳት።

«ምን ልበል? አንቺ በቁርኣን ምለሻል። እኔ ጻፍኩ ካልኩ አንቺን ሊወስዱሽ ነው። አላውቅም አልኩ። አራት ቀን አላውቅም አልኩ።» ቀሚሷን አጥልቃ ጨረሰች። «አሁን ግን እትዬ ውባለም ዘንድ ሄጄ ለእሷ ብቻ እነግራታለሁ። ስሙን። የተባለውንም ቦታ።»

«ነግረሻት ዝም የምትል ይመስልሻል? ቀጥ ብላ ተፈራ ዘንድ ነው የምትሄደው። እኔ ብሆን አልሄድም?» አልኳት። «ነገ በመጀመሪያው መኪና ኮምቦልቻ አጎትሽ ዘንድ ትሄጃለሽ። ተነጋግሬ ጨርሻለሁ።»

ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው በር ላይ ደርሶ ነበር።

የተፈታ ሰው ቤት በሩ አይዘጋም። ሰፈሩ በሙሉ መጣ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። እኔ ሰዉ ማር ወዳለበት ቤት እንደሚገባ ጉንዳን ሲገባ አያለሁ፤ የቆጠርኩት የገባውን ሳይሆን ያልገባውን ነው። ብዙነሽ ዳቦ ይዛ መጥታ ናጅዋን ግንባሯን ሳመቻት።

«ያቺን ሴት አትቀየሟት» አለች። «ሐዘኑ አእምሮዋን ነክቷታል። ትናንት ለኔም ካርድ ካርድ ስትለኝ ነበር። ምስኪን። ሰው ሁሉ እያዘነላት ነው።»

ሰዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ናጅዋ ወደኔ አየች። እኔ ዳቦውን ቆርሼ አደልኩ።

ከመግሪብ በፊት ሰው ሳሳ። የሰዓት እላፊ ስለነበር ብዙነሽም ተነስታ ሄደች። የመጨረሻዎቹን ሸኝቼ ስመለስ ውባለም ደጃፉ ላይ ቆማለች። ከውሃ መመለሷ ነው፤ ቢጫ ጀሪካኗን መሬት አስቀምጣለች። ወደ ውስጥ አልገባችም። እኔን አላየችኝም፤ በትከሻዬ አሻግራ ናጅዋን ነው ያየቻት።

«እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ፣ ልጄ» አለቻት።

«እትዬ» አለች ናጅዋ፤ ከተቀመጠችበት ተነሳች።

«ለማንም አልናገርም። ተፈራ ዘንድም አልሄድም። ስሙን ብቻ። ስሙን ይዤ እኔው በእግሬ እጠይቃለሁ።»

ናጅዋ አንድ እርምጃ መጣች። በሁለቱ መካከል የቆምኩት እኔ ነኝ። ውባለም ለማንም አልናገርም ካለች አትናገርም፤ ሃያ ሁለት ዓመት አውቃታለሁ። ግን ስም ይዛ ወልድያ ገብታ የትኛውን በር ታንኳኳለች? ስሙን ከየት አመጣሽው አይሏትም? አንድ ቀን፣ አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ ይጠይቃታል።

«ልጅቷ ደክሟታል፣ ውባለም» አልኩ። «ነገ ነይ። ነገ ቁጭ ብላችሁ ትነጋገራላችሁ።»

«ነገ?»

«ነገ። ከቁርስ በኋላ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየችኝ። አመነችኝ አላመነችኝ አላውቅም፤ ግን ከነገ ሌላ የቀረላት ነገር አልነበረም። ጀሪካኑን አነሳች። እግሯ በጠጠሩ ላይ ሲርቅ፣ ከዚያ የአጥሯ በር ሲጢጥ ሲል ሰማሁት።

«እማ፣ መኪናው ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?» አለችኝ ናጅዋ ከኋላዬ።

«ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት።»

ሌላ አልጠየቀችኝም። በሩን ገፍቼ መቀርቀሪያውን ሰደድኩ፤ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዙሬ አወጣሁና በመቀነቴ ቋጠርኩት።